13ኛው ብልት

ገብስማዋን የገደልኳት እኔ ነኝ። ማንም አልከሰሰኝም። እናቴ እንኳን «ዶሮ አይደለች? ተዪው በቃ» ብላ አልፋዋለች። እኔን ግን ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እጄ ላይ የነበረችበት ያ አንድ ደቂቃ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ግቢያችን ትንሽ ናት። አንድ የኒም ዛፍ፣ አንድ ቧንቧ፣ ከጓሮ ከቆርቆሮና ከሽቦ የተሠራ የዶሮ ቤት። ያኔ ስድስት ዶሮዎች ነበሩን። አራቱ በ45 ቀናቸው የገዛናቸው ሳሶ ቄቦች፣ ሁለቱ የሐበሻ። ገብስማዋ የሐበሻ ናት። እንቁላሏ ትንሽ ነው፤ ወሬዋ ግን ብዙ። አንድ እንቁላል በጣለች ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ካልሰማልኝ ትላለች።

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር አደረግን። አቧራው ሰልችቶን ግቢውን ሲሚንቶ አስለበስነው። የግንቦት ፀሐይ የዶሮ ቤቱን ምጣድ ስታደርገው ደግሞ እኔ ራሴ ከሽቦው በላይ ባዶ ማዳበሪያ ዘረጋሁ። ያ ነጩ፣ ከጠፍጣፋ የፕላስቲክ ክር የሚሸመነው። ጥላ ሆነላቸው። ደስም አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ በረንዳው ላይ በርጫ ይቀመጣል፤ ሲነሳ የጫቱ ገረባ ተጠርጎ ወደ ዶሮዎቹ ይሄዳል። «ይጫጭሩበት» እንላለን። እነዚህን ነገሮች ያዙልኝ።

«ጎሽ፣ በልታለች»

ማክሰኞ ጠዋት ነው መጀመሪያ ልብ ያልኩት። በሩን ስከፍት እንደ ወትሮዋ ቀድማ ወጣች። ወደ ማሽላው ሮጠች። ጎንበስ፣ ቀና። ጎንበስ፣ ቀና። ከሩቅ ላያት ሰው ትበላለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ፍሬዋን ታነሳና መልሳ ትጥላለች። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል። ለካ መዋጥ አቅቷትም ከጥሬው አትቀርም። ይኼ ብዙ ሰው ያታልላል። ዶሮ ደግሞ ሕመሟን አታሳይም፤ ደካማ መሆኗ ከታወቀ ጓደኞቿ ይነቁሯታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስንል እንደ ጥፋት ነው የምናየው። እሷ ግን ካልደበቀች አትኖርም።

አነሳኋት። ከአንገቷ ግርጌ፣ ከደረቷ ፊት፣ ወደ ቀኝ ባለው በኩል ብርቱካን የሚያህል ነገር እጄ ገባ። ጠንከር ያለ፣ ጫን ሲሉት እንደ ሊጥ የሚጎደጉድ። «ጎሽ፣ በልታለች» አልኩና አስቀመጥኳት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆጥ ላይ ነበረች። ጥሬውን እያነሳች ስትጥል ደግሞ አሁን በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ መቼ በልታ ነው የሞላው? ይኼን ጥያቄ መጠየቅ አንድ ብር አያስወጣም ነበር። መልሱ መዳፌ ላይ ቁጭ ብሎ እኔ ገልብጬ አነበብኩት።

ቀኑ ሲገፋ ላባዋ ተነፋፋ። አንገቷን ወደፊት ዘርግታ ታወዛውዛለች፣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው። አፏ ክፍት ነው። ግን ግንቦት ነው፣ ድሬ ነው፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ አፉን ያልከፈተ ዶሮ የት ይገኛል? ሁሉም ክንፋቸውን ከገላቸው አራርቀው ኒሙ ሥር ያለከልካሉ። ሙቀት ነው አልኩ።

ረቡዕ ኩሷ አንሶ፣ ቀጥኖ፣ አረንጓዴ ሆነ። ፈንግል መጣብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ጎረቤታችን ሐጂያ በአጥር ብቅ ብለው «ልጄ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አጉርሻት» አሉኝ። እኔ ግን ዘመናዊ ነኝ። እኛ ሰፈር ዘመናዊ ማለት ከፋርማሲ የሰው ቴትራሳይክሊን ገዝቶ፣ እንክብሉን ከፍቶ፣ ዱቄቱን ውኃ ላይ መበተን ነው። እሱን አደረግኩ። ዛሬ ሳስበው የሐጂያ ምክር ቢያንስ አይከፋም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ያ ብርቱካን ለስልሷል። ውኃ የሞላ ፊኛ ሆኗል። ስነካው ከአፏ ሽታ መጣ። ተቦክቶ ቀናት የተረሳ ሊጥ ሽታ። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው አይስተውም።

ያ ደቂቃ

ስልኬን አወጣሁ። ቲክቶክ ላይ አንዲት ሴትዮ ዶሮዋን ቁልቁል ትዘቀዝቃለች፣ አንገቷ ሥር ጫን ጫን ታደርጋለች፣ ውኃው ይወርዳል፣ ዶሮዋ ተነስታ ትሄዳለች። ከኋላው ሙዚቃ አለ። ነገሩ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። እኔም እንዲሁ ታየኝ። ይኼ የተበላሸ ውኃ ከወጣላት ምን ትሆናለች?

ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ የሚያርፍበት። ባጃጅ እንኳን አይሰማም። ገብስማዋን ብብቴ ሥር ይዤ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ቀላለች። ለሦስት ቀን ያልበላች ዶሮ ክብደቷ ላባ ብቻ ነው፣ ያ ፊኛ ሲቀር። ገለበጥኳት። ጫን አልኩ።

ወጣ። ብዙ ወጣ። ቡናማ፣ አረፋ ያለው፣ የሚሸት። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደግሜ ጫን አልኩ። ያኔ አንድ ድምፅ አወጣች። ጩኸት አይደለም። ሳል የሚመስል፣ እርጥብ ነገር። ክንፏን አንዴ ዘረጋች። ቀና ሳደርጋት አፏ እንደተከፈተ ነው፤ አየር ትፈልጋለች፣ አየሩ አይገባም። ከዚያ አንገቷ ክንዴ ላይ ወደቀ።

ከዶሮ ምላስ ጀርባ የአየር መግቢያ ቀዳዳ እንዳለ ያወቅኩት በኋላ ነው። አሁን ጤነኞቹን አፋቸውን ከፈት ሳደርግ አየዋለሁ፤ በቁመቱ የተሰነጠቀ፣ እየተከፈተ የሚዘጋ ቀዳዳ ነው። የሚወርደው ውኃ በዚያ በኩል ያልፋል። እሷ ደግሞ በዚያች ሰዓት መተንፈስ አለባት። የእኔዋ ገብስማ የሞተችው ከሕመሟ አይደለም። በደረቅ መሬት፣ እጄ ላይ፣ ሰጥማ ነው።

እናቴ የማትቆጥረው

እናቴ ዶሮ ስትገነጥል አይቼ ነው ያደግኩት። ቢላዋው መገጣጠሚያውን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ይመስላል። 12 ብልት። አንዱ ቢጎድል እንግዳ ፊት አይቀርብም። ግን ከ12ቱ በፊት የሚወጣ ነገር አለ። ቆዳው እንደተገፈፈ፣ አንገቱ ሥር ያለውን ስስ ከረጢት በሁለት ጣት ትይዝና ስባ ወደ ቆሻሻው ትወረውረዋለች። በዚያ ሁሉ ዓመት ስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። «ያን የጥሬ ከረጢቱን ጣይው» ነው የምትለው፣ እኔ ሳጸዳ። ዶሮን በብልቷ የሚያውቅ ቤት ስለዚያች ከረጢት የሚያውቀው እንደማትበላ ብቻ ነበር።

«ምን ልታደርጊያት ነው? የሞተ አይበላ» አለችኝ ቢላዋ ይዤ ስታየኝ።

«ላያት ነው።»

«ምኗን?»

ፌስታል እጄ ላይ አጥልቄ ሰነጠቅኩት። ገና ውኃ ነበረበት። ከውኃው ሥር ግን ያ ማክሰኞ የዳሰስኩት ነገር ቁጭ ብሏል። ጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያህል። በቧንቧ አጠብኩት። ገረባ ነው፤ ረጅሙ፣ ጠንካራው ቅርፊት። ጥቂት ደረቅ ሣር። እነዚህን ሁሉ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ የያዛቸው ደግሞ ነጭ፣ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ክር። ስስበው አልመጣ አለ። ጫፉ ወደ ሆዷ በሚወስደው ቀዳዳ ገብቶ ተወጥሯል። እዚያ የወጣ ነገር የለም፤ እዚያ የገባም የለም።

ቀና ብዬ የዶሮ ቤቱን አየሁ። የዘረጋሁት ማዳበሪያ ጠርዙ በፀሐይ ተበልቶ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። አንዷ ሳሶ ከሥሩ ቆማ አንዱን ክር ትመዛለች።

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ። የእኔዋ እንኳን አልጫረችውም። እኔ ነኝ ከራሷ በላይ የሰቀልኩላት።

«ማታ ነው ጠዋት?»

ማዳበሪያውን በዚያው ቀን አወረድኩት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግን ያቺ ክር የምትመዘው ሳሶ ጠዋት ላይ ጥሬ አንስታ ስትጥል አየኋት። አላመነታሁም። በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ወረፋው ላይ ፍየል አለ፣ በግ አለ፣ አንድ እግሩን ያመመው አህያ አለ። ዶሮ ይዤ ስገባ ሰው ፈገግ አለ። እውነት ነው፣ የዶሮ ሕክምና ብዙ ጊዜ ድስት ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የገብስማዋን ነገር ነገርኩት። እስከ ከረጢቱ መሙላት ድረስ ሲያዳምጥ ቆየና አቋረጠኝ።

«እህቴ፣ ሞልቶ ያገኘሽው ማታ ነው ጠዋት?»

«ጠዋት። ከመብላቷ በፊት።»

ምንም አልተናገረም። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ሰው ይቺን አምስት ቃል ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶሮ ጥርስ የላትም። ያገኘችውን ሳታኝክ ትውጥና ከረጢቷ ውስጥ ታከማቻለች። እዚያ ይርሳል፣ ይለሰልሳል፣ ቀስ በቀስ ወደ ሆዷ ይወርዳል። የሚፈጨው ከዚያ በታች፣ ስንገነጥል ጠጠር የምናገኝበት ጠንካራ ጡንቻ ውስጥ ነው። ጠጠሩ ወፍጮዋ ነው። ማታ ቆጥ ላይ ከመውጣቷ በፊት ለሌሊቱ ስንቋን ትሞላለች። ስለዚህ ማታ ሙሉ መሆን አለበት፤ ጠዋት ባዶ፣ እንደሌለ የሚቆጠር። ጠዋት ሙሉ ከሆነ የሆነ ቦታ መንገድ ተዘግቷል።

ሐኪሙ እጄን ይዞ የሳሶዋ አንገት ሥር አስቀመጠው። ጠጣር ነው፣ ሊጥ ዓይነት። «ይኼ የተዘጋ ነው» አለኝ። «ፊኛ ዓይነት ሆኖ አፏ ኮምጥጦ ከሸተተሽ ውስጡ ፈልቷል፣ ፈንገስ አድጎበታል። ያንቺዋ መጀመሪያ ተዘጋች፣ ቆይቶ ፈላ። አንቲባዮቲኩ ደግሞ ፈንገሱን የሚቆጣጠሩትን ባክቴሪያዎች ገደለለት። ሜዳውን ለቀቅሽለት አቦ።» ካንዲዳ ነው የሚባለው ፈንገሱ፤ ሕፃናት አፍ ውስጥ ነጭ የሚያወጣው ዓይነት። ለእሱ የፈንገስ መድኃኒት እንጂ ቴትራሳይክሊን አይሆንም። ኒስታቲን የሚባለውን ያዛሉ፣ መጠኑን በክብደቷ ለክተው። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላሏ ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይበላም። እኛ ረቡዕ የጣለችውን ሐሙስ ፍርፍር አድርገነዋል፤ ማን ያውቅ ነበር?

ለሳሶዋ ያዘዘው በጣም ተራ ነገር ነው። ለአንድ ቀን ጥሬ አይሰጣትም፣ ውኃ ብቻ። መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት፣ በአፏ ጥግ በኩል፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ እየዋጠች መሆኗን እያዩ። መሃል አፏ ላይ አይደለም፤ ያ ቀዳዳ እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ቀና ብላ ተቀምጣ ከረጢቱን በጣት ጫፍ ማሸት፣ ሊጥ እንደሚዳበስ በቀስታ፣ አምስት ደቂቃ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ። ወደ ላይ ወደ አፏ መግፋት የለም። መዘቅዘቅማ ጨርሶ። «በሁለት ቀን ካልሄደ ትመልሻታለሽ። እንከፍተዋለን፣ እናወጣለን፣ ከረጢቱን ለብቻ ቆዳውን ለብቻ እንሰፋለን። ቤት ውስጥ በምላጭ እንዳትሞክሪ።» የመጨረሻዋን ዓይኔን እያየ ነው ያላት። ለምን እንዳላት ገብቶኛል።

ያን ሌሊት ሳሶዋን ጭኔ ላይ አድርጌ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ድሬ ማታ ነው ሰው የምትሆነው። ነፋሱ ይመጣል፣ ሁሉም በሩን ከፍቶ ይወጣል። ወንድሜ «አሁን ዶሮ ማሳጅ ታደርጊያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሐጂያም በአጥር አይተው ሳቁ። መጀመሪያ ድንጋይ ነው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጣቶቼ መሃል የሆነ ነገር ተላቀቀ። አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፤ ከሁለቱ አንደኛው ተንሸራቶ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነካት እጄ ላይ የገባው ቆዳና ላባ ብቻ ነበር። ደጋግሜ ዳሰስኳት። የለም። የተቀቀለ እንቁላል አድቅቄ ሰጠኋት፣ በላች። ዋጠች።

ከዚያ ወዲህ

ሲሚንቶው ላይ ፈጽሞ ያላሰብኩት ነገር ነበር። አፈር ስናሳጣቸው ጠጠርም አሳጥተናቸዋል። የእንቁላል ቅርፊት እሰጥ ነበር፤ እሱ ግን ሆድ ውስጥ ይሟሟል፣ ለካልሲየም እንጂ ለወፍጮ አይሆንም። አሁን የዴቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ከአሸዋው ጠጠሩን ነፍቼ በቆርቆሮ አኖርላቸዋለሁ። የውኃው መንገድ ቢሆንም በበጋ የእኛ የዶሮ ወፍጮ መደብር ነው። ገረባው ለሐጂያ ፍየሎች ይሄዳል። ፍርፋሪም ቢሆን ጠዋት የረጠበ ከሰዓት ድረስ አይቆይም። በዚህ ሙቀት ውኃ የነካው እንጀራና ፉርሽካ ቀትር ላይ ራሱ እርሾ ይሆናል።

አንዷ ሳሶ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችም። ያቺ ያሸኋት አይደለችም፣ ሌላኛዋ፣ ሆዳሟ። ከረጢቷ በተደጋጋሚ ተለጥጦ ጡንቻው ላላ፤ ስትሄድ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ይኼ አይድንም፣ ይያዛል እንጂ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ትበላለች፣ ሣር አይሰጣትም። እናቴ ከአሮጌ ቲሸርት መደገፊያ ሰፍታላት ነበር። አንድ ቀን ለበሰችው። በማግሥቱ ሌሎቹ እየጎተቱ ሲጫወቱበት አገኘነው። ክር ነው ብዬ ሮጬ ነጠቅኳቸው።

ከረጢቱ ባልወረደ ቁጥር ችግሩ ከረጢቱ ነው ማለት እንዳልሆነም ሐኪሙ ነግሮኛል። የሆድ ትል፣ የተሰነቀረ እንቁላል፣ ነርቭ የሚያሽመደምደው የማሬክስ በሽታ ወይም ከታች ያለ ሌላ መዘጋት እዚያው ላይ ይታያል። አንገቷ ከተጣመመ ወይም ብዙዎቹ ባንድ ጊዜ ከወደቁ ደግሞ ዘይትና ማሸት ቀርቶ ፈንግል ነው መፍራት። ለእሱ ክትባት አለ፣ ቢሾፍቱ የሚመረት፤ ከታመሙ በኋላ ግን አይሠራም። እኛ አሁን ጊዜውን ጠብቀን እናስከትባለን። ገብስማዋ በሕይወት ሳለች አንድም ቀን አስከትበን አናውቅም ነበር።

አሁን ማታ 1 ሰዓት ላይ በባትሪ እዞራለሁ፤ ጠዋት በር ከመክፈቴ በፊት ደግሞ። ቆጥ ላይ እንዳሉ እጄን ከሥር አስገብቼ አንድ በአንድ እነካለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለምደውኛል፣ ዓይናቸውንም አይገልጡ።

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ እናቴ ከቀፊራ ገበያ አንድ ትልቅ አውራ ዶሮ ገዝታ መጣች። ወንድሜ አረደ። እኔ ሽንኩርት ላይ ዓይኔን እያሻሸሁ ነው። እናቴ ሳፋው አጠገብ ተቀምጣ መገነጣጠል ጀመረች። ሎሚው ተጨምቋል፣ ጨዉ ተዘጋጅቷል። ድንገት ጠራችኝ።

«ነይ እስቲ። ብልትሽን ውሰጂ።»

ከሳፋው ጎን፣ ብቻውን፣ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ አኑራዋለች። ሙሉ ነው፣ ድንጋይ ይመስላል። ከጎኑ ትንሿን ቢላዋ አድርጋለች። ሰነጠቅኩት። ማሽላ። ማሽላ፣ በቆሎ፣ እንደገና ማሽላ፣ በመሃሉ የሽንኩርት ልጣጭና አንድ ቀይ ዶቃ።

እናቴ አንገቷን አስግጋ አየች። «ሻጩ ነው ያጎረሰው፣ ከባድ እንዲመስለኝ» አለች። «የስንት ብር ማሽላ ገዛሁ በይኝ?»

ዶቃዋን አጥባ መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻት።